ዘይት የጠገበው ፊልትሮ

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው "ኮፈን" እያለ ነው። የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ሾፌር ነው፤ መኪናውን ባቆመ ቁጥር የሞተሩን ክዳን፣ ኮፈኑን፣ ብድግ ሳያደርግ አይውልም። የፈለገው ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ጀርባውን ነው፤ ፊቱ ቆይቶ፣ ጥቀርሻ ተቀብቶ ብቅ ይላል። አንድ ጊዜ ጆሯቸው የደከመ አሮጊት ታመው ልጃቸው "እማዬ፣ አይዞሽ፣ ኮፈን መጣልሽ" ቢላቸው፣ "ከፈን? ገና ሳልሞት?" ብለው ከቃሬዛው ላይ ተነሥተው በእግራቸው መኪናው ውስጥ ገቡ። ይህን ወሬ ከሁሉ አብልጦ የሚያወራው ራሱ ኮፈን ነበር። ወሬኛ፣ ሳቂታ፣ በመኪናው የሚኮራ ሰው ነበር። ሌላው ሾፌር ጎማውን በእግሩ መታ አድርጎ ሲሄድ፣ እሱ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ጥሎ ያዳምጥ ነበር።

ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው መንገድ አስፋልት አያውቀውም። ዝናብ በማይኖርበት ወራት አንድ ከባድ መኪና ካለፈ፣ ከኋላው ያለው ሰው መብራት አብርቶ ነው የሚነዳው። ሞተር ደግሞ እንደ ሰው ነው፣ አየር ይስባል። አቧራውን በር ላይ የሚያስቀርለት የአየር ፊልትሮው ነው። አምቡላንሱ ይዞት የመጣው ፊልትሮ የወረቀት ነበር፤ በዚያ መንገድ ወረቀቱ ቶሎ ይታፈናል። ኮፈን አውጥቶ መታ መታ እያደረገ ያራግፈዋል፣ ጎማ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ያስነፋዋል፣ መልሶ ይገጥመዋል። ወረቀቱ ግን በተነፋ ቁጥር ይሳሳል፣ ሲሳሳ ይቀደዳል። አዲስ እንዲገዛለት ሲጠይቅ፣ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ "ጠይቀናል፣ ይመጣል" ይለዋል። የሚመጣው ግን አቧራው ብቻ ነበር።

መፍትሔውን ያገኘው ከመለዋወጫ ነጋዴው ወዳጁ ነው። ነጋዴው አንድ ቀን ከመደርደሪያው ላይ ቀይ፣ ሾጠጥ ያለ ነገር አወረደና እጁ ላይ አኖረለት።

"ይኸውልህ። ጥጥ ነው፣ በሽቦ መረብ የተያዘ። ፋብሪካው የሠራው አይደለም፣ ግን ላንተ መኪና ይገጥማል። እያጠብክ መልሰህ ትጠቀምበታለህ፤ ወረቀት መለመን ቀረልህ።"

"እንዲህ ቀላል ከሆነ ሰው ሁሉ ለምን አይገጥመውም?"

"ቀላል ነው አላልኩህም። ትዕግሥት ይፈልጋል። በራሱ ሳሙና ታጥበዋለህ። ውሃውን ከውስጥ ወደ ውጭ ታፈስበታለህ፣ አለዚያ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ትነዳዋለህ። ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ኮምፕሬሰር እንዳታስጠጋው። ከዚያ የራሱን ዘይት በስሱ ትነፋበታለህ፣ እጥፋት በእጥፋት፤ ዘይቱ እስኪሠርግ ትተወዋለህ። አቧራውን አንቆ የሚይዘው ዘይቱ ነው። ሲያንስ አቧራ ያሳልፋል። ሲበዛ ደግሞ ሞተሩ ዘይቱን ይስበውና ከኋላ ያለችውን ሴንሰር ይቀባታል፤ አየሩን የምትለካው ስስ ሽቦ ናት። እሷ ከተቀባች መኪናህ አበደ ማለት ነው።"

"ለማን ነው የምትነግረው?" አለ ኮፈን፣ ፊልትሮውን እንደ ሕፃን አቅፎ።

ከኪሱ ገዛው፣ ራሱ ገጠመው። ሞተሩ አየር በሳበ ቁጥር ወፈር ያለ ድምፅ ማሰማት ጀመረ፣ ኮፈን ደስ አለው። መጀመሪያ መጀመሪያ ነጋዴው እንዳለው አደረገ። እሑድ እሑድ ግቢው ውስጥ ሳፋ ዘርግቶ ሲያጥበው፣ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ "የእኔን ቀሚስ እንኳን እንዲህ አጥበህልኝ አታውቅም" ትለዋለች። ጤና ጣቢያ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ኮፈኑን ከፍቶ ቀዩን ፊልትሮ ያሳያል። የንብረት ክፍሉን ሰውዬ ሲያገኝ "ወረቀትህን ለደብዳቤ አድርገው" ይለዋል።

ነገር የተበላሸው አናቱን ሲጫኑት የሚነፋው የዘይት ጣሳ ባለቀ ጊዜ ነው። ነጋዴው ጋ ሌላ ጣሳ አልነበረም፤ ያንኑ ዘይት በጠርሙስ የተሞላ ሰጠውና "ይህ አይነፋም፣ በጠብታ ነው፤ ተጠንቀቅ" አለው። ኮፈን ፊልትሮውን አጥቦ አደረቀና አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ ዘይት ማጠጣት ጀመረ። በጠብታ ጀመረ። ጠብታው ሰለቸው። ዘበኛው አጠገቡ ቆሞ ወሬ ያወራለታል፣ እሱም እያወራ ጠርሙሱን ዘንበል አደረገው። ዘይቱ በእጥፋቶቹ ላይ ሲወርድ አየው። "በዛ እንዴ?" ብሎ አሰበ፤ ወዲያው ደግሞ "ካነሰ አቧራ ያስገባል፣ ቢበዛ ምን ያመጣል" አለና በጨርቅ ዳበስ ዳበስ አድርጎ ተወው። ያን ሰዓት ከማዋለጃ ክፍሉ አዋላጅ ነርሷ ወጥታ ጠራችው።

"ጋሼ፣ ሪፈር አለን፣ ወደ ሆስፒታል። ምጡ ጠንቶባታል። ይነሡ!"

ፊልትሮው ዘይቱን እስኪመጥጥ መቆየት ነበረበት። ኮፈን እርጥቡን ገጠመው፣ ማጥበቂያውን አጠበቀ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና መሪው ላይ ወጣ።

ወላዷ ወጣት ናት፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ባሏ አናጢ ነው፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ፀጉሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ከሥራው ሮጦ የመጣ። ከኋላ ከሚስቱ ራስጌ ተቀምጦ እጇን ያዘ፤ አዋላጇ ከጎኗ ተንበረከከች። ሜዳውን እንደጨረሱ ሞተሩ መንተፋተፍ ጀመረ። ኮፈን ሰማው። ሳይሰማ ይቀራል? እንደ እሱ ያለ ሰው? ግን አልሰማሁም ብሎ ነዳጅ ረገጠ።

አዋላጇ ከጋቢናው በሚያገናኘው መስኮት በኩል "ጋሼ፣ ድምፁ ልክ አልመሰለኝም። ይስሙት እስቲ" አለችው።

"አንቺ ምጧን ተከታተዪ፣ መኪናውን ለኔ ተዪልኝ።"

ከዳገቱ ሥር ዱቄት የጫነ መኪና ቆሞ ሞተሩን ያቀዘቅዛል። ሾፌሩ አምቡላንሱን አይቶ እጁን አወዛወዘ።

"ኮፈን! ጭስህ አላማረኝም፣ ጥቁር ነው። እኔ መውጣቴ ነው፣ ላድርሳት እንዴ? ጋቢናው ባዶ ነው።"

አዋላጇ "ብንሸጋገር ምን አለበት?" አለች።

ኮፈን ፊቱ ቀላ። "አምቡላንስ እያለ በዱቄት መኪና? ሰው ምን ይለኛል?" አለና ማርሹን አስገባ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ መኪናው ጉልበቱ ከዳው። ነዳጅ ሲሰጡት ይታፈናል፣ ሲተዉት ይጠፋል። ሁለቴ አስነሣው፣ ሁለቴም ጠፋ። ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ሳል ሳል ብሎ ዝም አለ። አናጢው ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባ። የዱቄቱ መኪና አልፏቸው ሄዷል፣ አቧራው ብቻ ቀርቷል። ከኋላ ወላዷ "ወይኔ እናቴ! ወይኔ!" ትላለች።

ኮፈን ኮፈኑን ከፈተ። የፊልትሮውን ቤት ሲፈታው ዘይት ጣቶቹ ላይ ወረደ። ፊልትሮውን አንሥቶ ጨበጥ ሲያደርገው እንደ ታጠበ ጨርቅ ተንጠባጠበ። ከኋላው ያለችው ስስ ሽቦ በዘይት ተለብጣ ታብረቀርቃለች። ሌላ ምክንያት መፈለግ አላስፈለገውም። ነዳጁ አይደለም፣ ዳገቱም አይደለም፣ የመኪናው እርጅናም አይደለም። እሱ ነው። ከምሳ በኋላ በወሬ መሃል ያዘነበላት ጠርሙስ ናት።

የኋላውን በር አንኳኳና ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ "አልኮል ስጪኝ" አለ።

"ምን ሊያደርጉበት ነው? ጋሼ፣ እየወለደች እኮ ነው!"

"ስጪኝ ብቻ!"

ጠርሙሱን ወረወረችለት። ሽቦዋ ላይ ጠብ ጠብ እያደረገ ዘይቱን አወረደላት፣ እስክትደርቅም እጁን እያርገበገበ አራገበላት። በዚያ መሃል የሴትዮዋ ጩኸት አንዴ ከፍ አለና ተቋረጠ። ከዚያ ምንም ድምፅ የለም። አዋላጇ ብቻ "ና፣ ና የኔ ጌታ፣ አልቅስ እንጂ፣ አልቅስ" ስትል ይሰማል፤ የሕፃን ጀርባ ስታሻሽ፣ አፉን ስትጠርግ። አናጢው ከመኪናው ውጭ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ቆሟል። ኮፈን ዘይታም እጁን ደረቱ ላይ አጣብቆ በመኪናው አፍንጫ በኩል ቆመ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ያን ጊዜ አይጠላም ነበር።

ሕፃኑ አለቀሰ። ቀጭን፣ የተናደደ ልቅሶ ነበር።

ኮፈን መኪናውን ያለ ፊልትሮ አስነሣው። ተነሣ። በዝግታ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ሆስፒታል አደረሳቸው። በር ላይ አናጢው አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት። "ጋሼ፣ አንተ ባትኖር እዚያ ዳገት ላይ አልቀን ነበር! በእጅህ ነው ያስነሣኸው፣ በዓይኔ አይቻለሁ!" እያለ አለቀሰ። ኮፈን "ተው፣ ተው" አለ፤ ሰውም ትሕትና መሰለው።

ወሬው ከአምቡላንሱ ቀድሞ ሰፈር ገባ። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ጨበጠው። ሻይ ቤት ሲገባ ሒሳቡን ሌላ ሰው ከፈለለት። ሚስቱ ለጎረቤት ስታወራ ዳገቱ በየቀኑ እየረዘመ ሄደ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አናጢው ራሱ ቤቱ ድረስ መጥቶ የነገረው ነበር።

"ጋሼ፣ ልጁን ባንተ ስም ጠራነው።"

"በኔ?" አለ ኮፈን።

"በዋናው ስምህ ነው እንጂ በኮፈንማ እናቱ አትፈቅድም!" ብሎ አናጢው ከት ብሎ ሳቀ። የኮፈን ሚስት እልል አለች። እሱ ውሃ ልጠጣ ብሎ ጓዳ ገባና ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ጆሮው እስኪግል ድረስ አፈረ። ተመልሶ ሲወጣ ግን ፈገግ ብሎ ነበር፤ ያም ፈገግታ በኋላ ሲያስበው ከዘይቱ የባሰ አሳፈረው።

ጤና ጣቢያው ስብሰባ የጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ከሆስፒታሉ ቅሬታ መጥቷል፤ እናቲቱ በጊዜ ብትላክ ኖሮ መንገድ ላይ አትወልድም ነበር የሚል። ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ አዋላጇን አያት።

"ዘግይተሽ ነው የላክሻት። ሕፃኑ ታፍኖ ነው የተወለደው። ምን ትያለሽ?"

"በሰዓቱ ነው የላክኋት። መኪናው ቆመብን።"

"መኪናው ቢቆምም ሾፌሩ ያለችውን ብልሃት ተጠቅሞ አድርሷችኋል፤ እግዜር ይስጠው። አንቺ ግን..."

ሁሉም ወደ ኮፈን ዞሩ። አዋላጇም ዞረች፤ አንድ ቃል ትጠብቅ ነበር። ኮፈን "መኪና ነው፣ ያጋጥማል" አለ። አዋላጇ ዓይኗን ከእሱ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ ወዳሉት እጆቿ መለሰች። ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣት ተወሰነ፤ ስብሰባው ተበተነ።

ያን ቀን ማታ ምግብ አልወርድ አለው። ሚስቱ "አመመህ እንዴ?" ስትለው አፈነዳው። ጠርሙሱን፣ ዘበኛውን፣ የዱቄቱን መኪና፣ ስብሰባውን፣ አንዱንም አላስቀረም። እሷ ሳህኑን ከፊቱ አንሥታ እንደያዘችው ቆመች።

"አሁን እኔ ለሰፈሩ ያወራሁትን መልሼ ልሰብስበው ነው?" አለችው መጀመሪያ። ወዲያው ራሷ ባለችው አፈረችና ተቀመጠች። ቆየት ብላ "ለኔ መንገርህ ምን ያደርጋል?" አለች። "እኔ እኮ መኪናው ውስጥ አልነበርኩም።"

በማግስቱ አዋላጇን ዕቃ መቀቀያው ክፍል ውስጥ ብቻዋን አገኛት። መቀሶቹን ከሙቅ ውሃ እያወጣች ፎጣ ላይ ትደረድራለች። የፊልትሮውን ነገር ነገራት፤ ሲጨርስም መቀስ መደርደሯን አላቆመችም።

"አልኮሉ ለዚያ ነበር?"

"ለዚያ ነው።"

"ድምፁ ልክ አይደለም ስልህ ሰምተኸዋል?"

አንተ አለችው። ከተዋወቁ ጀምሮ ከ"እርስዎ" ዝቅ ብላ አታውቅም፤ ይህች አንዲት ቃል ከጥፊ በላይ አመመችው።

"ሰምቼዋለሁ" አለ።

"እኔ እኮ ራሴን ስጠይቅ ነው የሰነበትኩት። ምናልባት ማኅፀኗን ስመረምር ተሳስቼ ይሆን እያልኩ። ሌላ ወላድ ስትመጣ እጄን አላምነውም። ገባህ? እጄን!" እርጥብ እጇን ወደ እሱ ዘረጋች። "እዚህ ጓዳ ውስጥ ለኔ ሹክ ማለትህ ምን ያደርግልኛል? ዝም ባልክበት ቦታ ተናገር።"

ተናገረ። ኃላፊውን ሠራተኛውን ሁሉ እንዲሰበስብ ለምኖ፣ ፊልትሮውን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ ገባ። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ዘይቱ በላስቲኩ ላይ ተንሸራተተ። "እንዲያው ያጋጠመ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት" ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ አንዳንዱን ቃል ደግሞ እየደጋገመ እስከ መጨረሻው አወጣው። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ፊልትሮውን በጣቱ ነካ አድርጎ ጣቱን አሸተተ። ዘበኛው ጫማውን ያያል። ኃላፊው ከሁሉ በላይ የተናደደው ባመሰገነው ምስጋና ይመስል ነበር። "እኔ በሰው ፊት እግዜር ይስጠው ብዬሃለሁ" አለ ደጋግሞ። ማስጠንቀቂያው ከአዋላጇ ላይ ተነሣ። ኮፈን ከመሪው ወርዶ የጄኔሬተሩና የውሃ ፓምፑ ጠባቂ ሆነ፤ ለአምቡላንሱ ከሌላ ቦታ ሾፌር መጣ።

የቀረው የአናጢው ቤት ነው። ያን መንገድ በእግሩ ሄደ። አራሷ አልጋ ላይ ተቀምጣ ልጁን ታጠባለች፣ ባሏ በርጩማ አቅርቦለት "ጋሼ፣ ምነው ጠፋህ?" አለው። ኮፈን አልተቀመጠም፤ ከተቀመጠ የሚነሣበት አቅም የሚያጣ መስሎት ነው። ቆሞ ነገራቸው።

አናጢው የመጨረሻውን ሳይሰማ ተነሥቶ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ከጓሮ የመጋዝ ድምፅ ይሰማ ጀመር፣ ኃይለኛ፣ ምንም የማይቆርጥ የሚመስል መጋዝ። ሴትዮዋ ግን ከአልጋዋ አልተነቃነቀችም።

"ፊልትሮው ምንድን ነው ሥራው?" አለችው።

"ሞተሩ ሲተነፍስ አቧራ እንዳይገባ..." አለና "ሲተነፍስ" የሚለው ቃል አፉ ውስጥ ቀረ።

ሕፃኑን ወደ ትከሻዋ አዛወረችው፣ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

"እኔ ያን ዕለት መኪናው የቆመው በኔ ነበር የመሰለኝ" አለች። "በጣም ስለጮህኩ ያስደነገጥኩህ፣ አነዳድህን ያጠፋሁብህ መሰለኝ። እስከ ዛሬ አፍሬ ነበር። አንተ ስትመጣ ፊትህን ማየት ያቅተኝ ነበር።"

ኮፈን ይህን አልጠበቀም። ስድብ ጠብቆ ነበር፣ ልቅሶም ጠብቆ ነበር። እሷ በእሱ ጥፋት ስታፍር መሰንበቷን ግን ጠርጥሮት አያውቅም። "እህቴ" አለ።

"ስሜን ከልጁ ላይ የምታነሡት ከሆነ አልቀየምም" አለ በመጨረሻ።

"ስሙ አሁን የልጁ ነው፣ ያንተ አይደለም" አለችው። ክፋት አልነበረበትም፣ ርኅራኄም አልነበረበትም። "ለጊዜው ግን አትምጣብን። እሱ እስኪበርድለት። እኔም እስኪበርድልኝ።"

ኮፈን ብዙ ወራት ጄኔሬተር ጠበቀ። ነዳጅ ይቀዳል፣ ቀበቶ ያጠብቃል፣ የጄኔሬተሩን ፊልትሮ እያወጣ ያያል፤ ማንም ሳይጠይቀው አያወራም። ሻይ ቤት ውስጥ የሩቅ ሰው የዳገቱን ወሬ በቀድሞው መልኩ ሲያወራ ከሰማ፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ "እንደዚያ አይደለም የሆነው" ይላል፤ ጥፋቱን ከመጀመሪያው ይናገራል። ለምዶት አይደለም። በተናገረው ቁጥር አንገቱ ድረስ ይግላል፣ ሰዎችም ብርጭቆአቸውን ያዞራሉ። አንዳንዱ "ታዲያ ልጁ ተርፏል አይደል?" ይለዋል። "ተርፏል" ይላል ኮፈን፣ ሒሳቡንም ራሱ ከፍሎ ይወጣል።

የመጣው ሾፌር ተዛውሮ ሲሄድ መሪውን መለሱለት። ኃላፊው ቁልፉን ሲያስረክበው የነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወረቀት ፊልትሮ በየጊዜው ይገዛል፣ ኮፈንም በየጊዜው ይቀይራል። ኮፈን "እሺ" አለ። ከዚያ ወዲህ ከጤና ጣቢያው ሲወጣ አዋላጇን "ድምፁ እንዴት ነው?" ብሎ ሳይጠይቅ ማርሽ አያስገባም። እሷም ወደ "እርስዎ" ተመልሳለች፤ ድሮ እንደነበረው ቀልድ የሞላበት ግን አይደለም።

አናጢው ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰላም አይለውም። ሴትዮዋ ልጇን ለክትባት ስታመጣ ኮፈን አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው ጀርባ የሚሠራ ነገር ያገኛል። አንድ ጠዋት ግን አዲስ ፊልትሮ ሲገጥም ደረሰችበት፣ ልጁ እጇን ይዞ ድክ ድክ ይላል። ቆመች፣ አሮጌውን ፊልትሮ መሬት ላይ አየችው፤ እጥፋቱ በሙሉ በአቧራ ቡናማ ሆኗል።

"ይሄ ሁሉ ሊገባ ነበር?" አለችው።

"ሊገባ ነበር።"

ራሷን ነቀነቀች። ልጁ አሮጌውን ፊልትሮ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል እጁን ያዘችውና "ተው፣ ያቆሽሽሃል" ብላ ወደ ክትባት ክፍሉ ወሰደችው። ኮፈን ማጥበቂያውን አጠበቀ፣ በእጁ ፈተሸው፣ እንደገና አጠበቀ። አንገቱ እንደገና ግሎ ነበር።